ከ60 በላይ ስትሄድ የምታጉረመርመው መኪናዬ

መኪናዋን ለመሞከር የነዳኋት ለሩብ ሰዓት ያህል ነበር። መንገዱ ተጨናንቆ ስለነበር ከ40 በላይ አልሄድኩም። ሬዲዮው ተከፍቷል። ሻጩ ከጎኔ ተቀምጦ ስለ መኪናዋ ያወራልኛል። ዓይኔ ቀለሟ ላይ፣ ጆሮዬ ሞተሯ ላይ ነበር። ሞተሯ ጸጥ ያለ ነው። ቀለሟም አልተነካም። ጎማዎቹን ጎንበስ ብዬ አየሁና «ጥርስ አላቸው» ብዬ ተነሳሁ። ተስማማን፣ ገዛኋት።

በሦስተኛው ቀን ረጅም መንገድ ወጣሁ። ፍጥነቴ 60 ሲደርስ ከኋላዬ ከባድ መኪና የተጠጋኝ መሰለኝ። በመስታወት ተመለከትኩ፤ ማንም የለም። ዳገት የሚወጣ የጭነት መኪና ከሩቅ ሲሰማ የሚያወጣው ዓይነት «ዉዉዉ» የሚል ድምፅ ነው። 80 ስገባ ድምፁ ውስጡን ሞላው። እግሬ የተቀመጠበት ወለል ሲነዝር ይሰማኛል። ወደ 50 ስመለስ ጠፋ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የምጽፈው ያንኑ ድምፅ ዛሬ እየሰማ ለሚነዳ ሰው ነው። እኔ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። ምንም ያልሆኑ ዕቃዎች አስቀይሬያለሁ። ይህ እንዳይደርስባችሁ እፈልጋለሁ።

የመጀመሪያው ስህተቴ ዝም ማለቴ ነበር። «ያገለገለ መኪና ነው፣ ትንሽ ድምፅ አይጠፋውም» ብዬ ሬዲዮውን ከፍ አደረግኩ። ሦስት ሳምንት እንደዚያ ነዳሁ። አሁን ሳስበው ይዘገንነኛል። ምክንያቱም እንደዚህ ያለ ድምፅ ከሚያመጡት ነገሮች አንዱ የጎማ ኩሽኔታ ነው፤ ጎማው ሳይፋተግ በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርገው ቀለበት መሰል ብረት። ኩሽኔታ ሲበላሽ መጀመሪያ ያጉረመርማል። ቆይቶ ይግላል፣ ይላላል። ጭራሽ ከተተወ ጎማው ከነሞዞው (ጎማው ከሚታሰርበት የመሀል ብረት ጋር) ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ እባካችሁ፣ ከድምፁ ጋር መሪው ከተንቀጠቀጠ፣ አንዱ ጎማ አካባቢ የተቃጠለ ነገር ከሸተታችሁ ወይም ስትቆሙ አንዱ ቸርኬ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጋለ አትንዱ። በተለይ ጎማ ተፈትቶ ከተገጠመ በኋላ «ኳ ኳ» የሚል ድምፅ ከመጣ የጎማው ማሰሪያ ዳዶ ላልቶ ሊሆን ይችላል። እዚያው ዳር ያዙና እዩ።

ሁለተኛው ስህተቴ ይባስ ነበር። ጋራዥ ወሰድኳትና «ድምፅ አላት» አልኩ። ሌላ ምንም አልጨመርኩም። መካኒኩ ወጣ ብሎ ትንሽ ነዳትና «የፊት ኩሽኔታ ነው» አለ። ሁለቱንም የፊት ኩሽኔታዎች አስቀየርኩ። ማታ መኪናዬን ይዤ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። 60 ላይ ያው ድምፅ መጣ። ምንም አልተለወጠም። በማግስቱ ስመለስ ደግሞ «እንግዲያው ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ሳይሆን አይቀርም፤ ይከፈትና ይታይ» አለኝ። ለካምቢዮው ቀጠሮ ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ያን መካኒክ አልወቅሰውም። ምን ሰጥቼው ነው? ድምፁ መቼ እንደሚጀምር፣ ምን ሲደረግ እንደሚጨምር፣ ምን ሲደረግ እንደሚቀንስ አልነገርኩትም። እሱም ገመተ። ግምቱ ሩቅ አልነበረም፤ ግን ግምት ነው። በግምት የተገዛ ዕቃ ደግሞ አይመለስም።

ነገሩን ያዞረው አንድ የሥራ ባልደረባዬ የጠቆመኝ በዕድሜ ገፋ ያሉ መካኒክ ናቸው። «ጋሼ፣ ካምቢዮዋ ሳይከፈት እስኪ እርስዎ ይዩልኝ» ብዬ ሄድኩ። መፍቻ አላነሱም። መጀመሪያ ጠየቁኝ። በስንት ፍጥነት ይጀምራል? ነዳጅ ስትለቅ ይለወጣል? ዜሮ ማርሽ ስታደርገውስ? ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ልዩነት አለው? አስፋልቱ ሲቀየርስ? ፍሬን ስትነካ ይጠፋል? የመጀመሪያውን ብቻ መለስኩ። ሌላውን አላውቅም።

«ሂድና መልሱን ይዘህ ና» አሉኝ። «ልጄ፣ ድምፁን ሳታስለውጥ ዕቃ አትለውጥ።»

ይህን አባባላቸውን ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። አንድ ነገር ስታደርጉ ድምፁ ከጨመረ፣ ከቀነሰ ወይም ቦታ ከቀየረ ከዚያ ነገር ጋር ግንኙነት አለው። ምንም ካልሆነ ያንን ከጥርጣሬ ታወጡታላችሁ። ይህን ለማድረግ ከአንድ ንቁ ጆሮና ባዶ መንገድ በስተቀር ምንም አያስፈልግም።

እሑድ ጠዋት መንገዱ ጭር ሲል ባለቤቴን ይዤ ወጣሁ። እሷ ደብተር ይዛ ከኋላ ወንበር ተቀመጠች። ሬዲዮው ተዘጋ። ማራገቢያውም ተዘጋ። የኋላው ዕቃ መጫኛ ውስጥ የሚንኳኳ ነገር እንዳይኖር ክሪኩንና ትርፍ ጎማውን አስቀድሜ አጥብቄያለሁ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ያልታሰረ ክሪክ ብዙ ሰው ያሳስታል።

መጀመሪያ ሞተሩን ከጎማው ለየን። መኪናዋ ቆማ በዜሮ ማርሽ ነዳጅ ረገጥኩ። በ70 ስሄድ ሞተሩ የሚሽከረከረው በደቂቃ ወደ 2500 ዙር ነው፤ እዚያው አደረስኩት። ዉዉዉ የለም። ቀጥሎ በ70 እየሄድኩ ለጥቂት ሰከንድ ማርሹን ዜሮ አደረግኩ። የሞተሩ ዙር ወረደ፤ ዉዉዉ ግን እንዳለ ቀጠለ። ስለዚህ ድምፁ የሚከተለው የሞተሩን ዙር አይደለም፤ የጎማውን ነው። ይህን ስትሞክሩ ቁልፉን በጭራሽ አታጥፉ። ሞተር ሲጠፋ መሪውም ፍሬኑም ይከብዳል፣ መሪው ሊቆለፍም ይችላል። መኪናችሁ አውቶማቲክ ከሆነ ዜሮ ማርሹን ተዉትና ነዳጁን ብቻ ልቀቁ፤ እሱም ብዙ ይናገራል።

ነዳጅ መልቀቁም መያዙም ድምፁን አልለወጠውም። ካምቢዮ ወይም ዲፍረንሻል (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው) ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ነዳጅ ሲሰጠውና ሲለቀቅ ድምፁ ይለያያል። የያዝኩትን የካምቢዮ ቀጠሮ እዚያው በልቤ ሰረዝኩት።

ከዚያ አሮጌ ሸካራ አስፋልት ላይ ቆይተን አዲስ ለስላሳ አስፋልት ላይ ገባን። ድምፁ በግማሽ ቀነሰ። እኔ «አገኘሁት፣ ጎማ ነው» አልኩ። መንገድ ሲቀየር የሚቀየር ድምፅ የጎማ ነው ሲባል ሰምቼ ነበር። ባለቤቴ ግን እጇን አንስታ ዝም አሰኘችኝ።

«ሁለት ናቸው» አለች። «አንዱ ዋ ዋ ዋ ዋ ይላል። አንዱ ደግሞ እምምም ብሎ ሳይቆራረጥ ይሄዳል። አሁን የቀነሰው ዋ ዋው ነው።»

ሁለት ወር ሙሉ አንድ ድምፅ ነው ብዬ ነበር የማሳድደው። ከሾፌሩ ወንበር ሁለቱ ተቀላቅለው አንድ ይሆናሉ። እሷ ከኋላ ሆና ስለሰማች ነው የለየችው። ለዚህ ነው ብቻችሁን አትሞክሩ የምለው። ሌላ ሰው አስቀምጡ፤ አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከኋላ፣ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ። ግን ጆሮም ሙሉ ለሙሉ አይታመንም። ድምፅ በመኪናው አካል ውስጥ ይጓዛል፤ ከኋላ ቀኝ የተነሳው ከፊት ግራ ሊመስላችሁ ይችላል።

አሁን እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻ መጠየቅ ጀመርን። ሰፊ ባዶ መንገድ ላይ በ60 እየሄድኩ መሪውን በቀስታ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አዘነበልኩት። ወደ ግራ ስሄድ እምምም የሚለው ጎላ። ወደ ቀኝ ስሄድ ጠፋ ማለት ይቻላል። መኪና ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ በቀኝ በኩል ባሉት ጎማዎች ላይ ይወድቃል። የተጎዳ ኩሽኔታ ሸክም ሲበዛበት ይጮሃል። ስለዚህ ጥርጣሬው ወደ ቀኝ ሄደ። ሁልጊዜ በዚህ መልክ ነው ማለት አይደለም፤ ለመጠርጠር ግን በቂ ነው። የፊቶቹ አዲስ ስለሆኑ የቀረው የኋላ ቀኝ ነው።

ዋ ዋ ዋ የሚለውን ያገኘሁት በመዳፌ ነው። ቤት ስንደርስ ጋሼ እንደነገሩኝ እጄን በእያንዳንዱ ጎማ ጥርስ ላይ ዙሪያውን አስኬድኩ። የፊቶቹ ለስላሳ ናቸው። የኋላዎቹን ወደ አንድ አቅጣጫ ሳሻቸው ደህና ናቸው፤ ወደ ሌላው ስመልሰው እንደ መጋዝ ጥርስ መዳፌን ያዘኝ። እጄን ወደ ውስጠኛው ጠርዝ ሳስገባ ደግሞ ጎድጎድ፣ ከፍ፣ ጎድጎድ ይላል፤ በማንኪያ የተጫረ ይመስል። ከውጭ ሲታይ ጎማው ደህና ነው። እኔም ስገዛ ያየሁት ያንን የውጭውን ነው። የተበላው ከውስጥ ነበር።

በዚያው የጎማውን ጎን አነበብኩ። DOT ከሚሉት የላቲን ፊደላት ተከትሎ ከሚመጣው ረጅም ጽሑፍ መጨረሻ ላይ አራት አሃዝ አለ። 3514 ካለ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 2014 ላይ፣ በ35ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። የእኔዎቹ የፊትና የኋላ ጎማዎች በዓመታት ይለያያሉ። አሮጌዎቹ የኋላዎቹ ነበሩ። ጎማ ሲያረጅ ይደርቃል፤ የደረቀ ጎማ ደግሞ ይጮሃል።

ለማረጋገጥ የፊትና የኋላ ጎማዎችን አቀያየርኩ፤ የግራውን ከግራ፣ የቀኙን ከቀኝ። ጎማው ላይ የመዞሪያ አቅጣጫ ቀስት ካለ ወደ ሌላው ጎን አታዙሩት። የፊትና የኋላው መጠን የተለያየ ከሆነ ደግሞ ይህ ሙከራ አይሆንም። መንገድ ወጣን። ዋ ዋ ዋው ፊት መጥቶ እግሬ ሥር ገባ፣ መሪው ላይም ንዝረቱ ተሰማኝ። እምምም የሚለው ግን እዚያው ከኋላ ቀረ። ባለቤቴ ደብተሩ ላይ «ጎማው መጣ፣ ኩሽኔታው ቀረ» ብላ ጻፈች። ያቺን ገጽ ነው ይዤ ወደ ጋሼ የሄድኩት።

እሳቸው መኪናዋን በክሪክ አነሱና ወዲያው ማቆሚያ ብረት አስገቡበት። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ሰው መግባት የለበትም፤ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ወዘወዙት። ፍንክች አላለም። እኔ «ደህና ነው ማለት ነው?» አልኳቸው። መልስ ሳይሰጡ አንድ እጄን ያዙና ከጎማው ጀርባ ያለው ሞላ ላይ አስቀመጡት። «አሁን በሌላው እጅህ ጎማውን አዙር።»

ጎማውን ሳዞር ሞላው ውስጥ የሆነ ነገር ይንኮሻኮሻል። አሸዋ በብረት መሀል ሲፈጭ ያለው ስሜት ነው። ለጆሮ ምንም አይሰማም፤ ለጣት ግን ግልጽ ነው። በግራ በኩል ተመሳሳዩን አደረግን። እንደ ውሃ ይፈስሳል። ኩሽኔታ ሳይላላም ሊበላሽ እንደሚችል የገባኝ ያኔ ነው። ብዙ ሰው ጎማውን ወዝውዞ «አልላላም» ይልና ይተወዋል። ሁለቱን ጎን እያነጻጸራችሁ በጣታችሁ ስሙ።

ከዚያ ወደ ኋላ ሾክ አብዞርበሮቹ አሳዩኝ። ሁለቱም በዘይት ረጥበው አቧራ ጠጥተዋል። ጎማዎቹን እንደዚያ ጎድጎድ ያደረጋቸው ይኸው ነው። ሾክ አብዞርበር ሲደክም ጎማው መንገዱን ረግጦ አይሄድም፣ ይነጥራል። በነጠረ ቁጥር የተወሰነ ቦታውን ይበላዋል። አዲስ ጎማ ብቻ ገዝቼ ብገባ ኖሮ ጥቂት ወራት ቆይቶ ዋ ዋ ዋው ይመለስ ነበር። እና ጎማችሁ ለየት ባለ ሁኔታ ከተበላ፣ ጎማውን ከመግዛታችሁ በፊት ምን እንደበላው ጠይቁ። በአንድ በኩል ብቻ ከተበላ አብዛኛውን ጊዜ አላይመንት (የጎማዎቹ አቀማመጥ መዛባት) ነው። በሁለቱም ጠርዝ ከሆነ ጎማው ንፋስ አንሶት ቆይቷል። መሀሉ ብቻ ከሆነ ንፋስ በዝቶበት ነበር።

ሥራው በቅደም ተከተል ሆነ። አንድ ነገር ተለውጦ፣ ተነድቶ፣ ተሰምቶ ነው ወደ ሌላው የተሄደው። በመጀመሪያ ኩሽኔታው። እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ፦ ኩሽኔታ በመዶሻ ተመትቶ እንዳይገባ። የሚገባው በፕሬስ ተገፍቶ ነው። በመዶሻ የተመታ አዲስ ኩሽኔታ ውስጡ ተጎድቶ ብዙ ሳይቆይ መጮህ ይጀምራል። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) ባላቸው ብዙ መኪናዎች ደግሞ የኩሽኔታው አንዱ ጎን የፍጥነት መለኪያው የሚያነበው መግነጢሳዊ ቀለበት አለው። ተገልብጦ ከገባ የኤቢኤስ መብራት ይበራል። የሞዞው ትልቁ ዳዶ አዲስ እንዲሆንና የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው በቶርክ መፍቻ በልኩ እንዲጠብቅ ጠይቁ። ልኩ በመኪናው የጥገና መጽሐፍ ላይ አለ።

ኩሽኔታው ገብቶ ነዳናት። እምምም የለም። ዋ ዋ ዋው ብቻውን ቀርቶ ከበፊቱ ይልቅ ጎልቶ ተሰማኝ። ሁለቱ ሾክ አብዞርበሮች ተቀየሩ። ሁለት አዲስ ጎማዎች ገቡ። ባላንስና አላይመንት ተሠራ።

በዚህ ጊዜ ውስጥ የሌላ ሰው መኪናም ማዳመጥ ለመድኩ። መሪ ሙሉ ለሙሉ ተጠምዝዞ በቀስታ ሲኬድ «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» የሚል ከሆነ የፊት አክስሉ መጋጠሚያ ነው፤ ላስቲኩ ተቀዶ ግራሱ ተረጭቶ ታገኙታላችሁ። ብረት ከብረት ሲፋተግ የሚመስልና ድንገት የጀመረ ድምፅ ከሆነ ደግሞ ከመደንገጣችሁ በፊት በፍሬን ዲስኩና ከጀርባው ባለው ስስ ቆርቆሮ መሀል ጠጠር ገብቶ እንደሆነ እዩ። ፍሬን ነካ ስታደርጉ የሚጠፋ ወይም የሚለወጥ ሲጥሲጥታ ወደ ፍሬን ሸራው ይመራችኋል። በትልቅ ፍጥነት ብቻ የሚመጣ፣ ንፋሱ ከየት እንደሚነፍስ እያየ የሚቀያየር ፉጨት ከሆነ የበር ላስቲክ ነው። የበሩን ዳርና ዳር በወረቀት ፕላስተር ሸፍናችሁ ንዱ። ከጠፋ አንዱን ፕላስተር እያነሳችሁ ቀዳዳውን ታገኙታላችሁ። ይህችኛዋ በጣም ደስ የምትለኝ ናት፤ ምንም ሳይፈታ መልሱ ይገኛል።

ገና ልትገዙ ከሆነ ደግሞ ሻጩን በትህትና ሬዲዮውን እንዲዘጋ ጠይቁት። ሕጉ የሚፈቅድ መንገድ ፈልጋችሁ እስከ 80 አድርሷት። አንድ ሸካራ፣ አንድ ለስላሳ መንገድ ይኑር። መስኮት ዘግታችሁ ስሙ፤ ከዚያ ከፍታችሁ በግንብ አጥር አጠገብ በቀስታ እለፉ፤ ግንቡ ድምፁን ይመልስላችኋል። መሪውን ሙሉ ለሙሉ ጠምዝዛችሁ ክብ ዙሩ። መዳፋችሁን በአራቱም ጎማ ላይ፣ በተለይ በውስጠኛው ጠርዝ አስኬዱ። ሰው ይዛችሁ ሂዱና ከኋላ አስቀምጡት። ድምፅ ካገኛችሁ መኪናው አይገዛም ማለት አይደለም። ምን እንደሆነ አውቃችሁ ዋጋውን መነጋገር ትችላላችሁ።

በመጨረሻው ቀን ያንኑ መንገድ ያዝን። 60፣ 70፣ 80። የሚሰማው የጎማው «ሽሽሽ» ብቻ ነው። ባለቤቴ ከኋላ ሆና ለረጅም ጊዜ አዳመጠችና ደብተሩን ዘጋች። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ጋሼ እንዳዘዙኝ ዳር ይዤ ሃያውንም ዳዶ በልኩ ሞከርኳቸው። አሥራ ዘጠኙ አልተነቃነቁም። የኋላ ግራው አንዱ ሩብ ዙር ያህል ጠበቀ።